ዋሕድን የሸጠው ማን ነው?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በአማርኛ ቋንቋ ከተጻፉት ልብ ወለድ ታሪኮች የመጀመሪያው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ደርሰው በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። ሲታተም የተሰጠው ስም «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ አንባቢ ግን ከታሪኩ ሰዎች አንዷን መርጦ «ጦቢያ» ብሎ ጠራው፤ ስሙም በዚያው ጸና። በትምህርት ቤት የመጽሐፉን ስም የሰማ ሰው ብዙ ነው፤ ገልጦ ያነበበው ግን ጥቂት ነው። እኔም ያነበብሁት ጠጕሬ ከሸበተ በኋላ ስለ ሆነ ያላነበበውን ሰው ለመውቀስ አፍ የለኝም።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ በጦርነት ድል ሆኖ ይማረካል። ከምርኮ የሚወጣውም አንድ ቸር ነጋዴ በሰጠው ገንዘብ ነው። የጦር አለቃው መንታ ልጆች አሉት፤ ወንዱ ዋሕድ፣ ሴቷ ጦቢያ ይባላሉ። የነጋዴው ቸርነት በዚያ ቤት ላይ እንደ ዕዳ ተቀመጠ፤ ዋሕድም ያን ባለውለታ ፍለጋ ከቤቱ ወጣ። በመንገድ ሳለ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀና ተሸጠ። አባትየውና ጦቢያም በተራቸው እሱን ፍለጋ ተነሡ፤ ጦቢያ የሄደችው የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ ልጅ መስላ ነው። ከብዙ መከራ በኋላ ሌላ ሃይማኖት የነበረው አንድ ንጉሥ ጦቢያን ወደዳት፤ ክርስትናም ተነሣ፤ ዋሕድም ተገኘ፤ መጽሐፉም በሠርግ ላይ ሠርግ ተደርቦ ያልቃል።

ደራሲው የዘጌ ሰው ናቸው። ይህን መጽሐፍ ባሳተሙበት ዘመን በጣሊያን አገር፣ በናፖሊ ከተማ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። በኋላ በወረራው ዘመን ከጠላት ጋር መቆማቸው ስማቸውን እንዳጠቆረው የታወቀ ነው፤ እሱን ለታሪክ ጸሐፊዎች እተወዋለሁ። ስለ አማርኛቸው ጣዕምም ብዙ ሊቃውንት ስለ ጻፉ እኔ የምጨምረው የለኝም። ሳነበው ያቆመኝ ሌላ ነገር ነው።

ዋሕድን ከቤት ያስወጣው ረኃብ አይደለም፤ የጀብዱ ፍቅርም አይደለም፤ ዕዳ ነው። ይኸውም እሱ ራሱ ያልተበደረው፣ በአባቱ ምክንያት የመጣ የውለታ ዕዳ ነው። ደራሲው ይህን ሲጽፉ ስለ ዛሬዎቹ ልጆች አላሰቡም። ሆኖም ከእኛ ከግሼና ከመንዝ፣ ከወሎም፣ ከሌላውም አገር እየወጡ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱትን ልጆች «ለምን ትሄዳላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው አብዛኛውን ጊዜ የምትሰሙት የዋሕድን መልስ ነው። «ቤተ ሰቤን ልለውጥ»፤ «የእናቴን ቤት ቆርቆሮ ላልብስ»፤ «አባቴ የተበደረውን ልክፈል»። የ15 ዓመት ልጅ የራሷ የሆነ ዕዳ ከየት ይኖራታል? ተሸክማ የምትወጣው የሌላ ሰው ዕዳ ነው። ደራሲው ይህን የመንገድ መጀመሪያ አጥርተው አይተውታል፤ በዚህ ምስጋና ይገባቸዋል።

ስለ ጦቢያ የወንድ ልብስም እንዲሁ። ይህን ክፍል እንደ ጨዋታ የሚያነቡት አሉ፤ ከጨዋታ የመጣ ሳቅም አለበት። እኔ ግን ከመጽሐፉ እውነተኛ ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል። ሴት ልጅ በሴትነቷ በዚያ መንገድ ደኅና ልትሄድ እንደማትችል ደራሲው ዐውቀዋል፤ አባቷም አጠገቧ ሆኖ እንኳ አልበቃትም። ዛሬ ያለ አባት በበረሓ የሚሄዱት ልጃገረዶች ከመነሣታቸው በፊት ሐኪም ቤት ሄደው መርፌ የሚወጉ አሉ። መርፌው የበሽታ መከላከያ አይደለም። በመንገድ የሚደርስባቸውን አስቀድመው ዐውቀው፣ ከሚደርሰው ነገር እርግዝናው እንኳ እንዲቀርላቸው ነው። የጦቢያ ሱሪ በእኛ ዘመን ወደዚህ ተለውጧል።

ነገር ግን መጽሐፉ ጕድለት አለበት፤ ጕድለቱም የቋንቋ ሳይሆን የልቡና ነው። ዋሕድን የያዙትና የሸጡት ሰዎች ከውጭ የመጡ ናቸው፤ በመንገድ ላይ እንደ ጎርፍ ይደርሱበታል። ከቤተ ሰቡ፣ ከጎረቤቱ፣ ከወዳጁ በነገሩ ውስጥ እጁን ያስገባ የለም። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ክፉው መንገዱ ነው። ስለዚህ አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ ሲተኛ ባሪያ ፈንጋይ ማለት ከወዲያ ማዶ ያለ፣ ከእኛ ጋር በአንድ ማዕድ የማይቀርብ ሰው ነው ብሎ ያርፋል።

ይህ በ1900 ዓ.ም. እንኳ እውነት አልነበረም። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት በብዙ ክርስቲያን ጌቶች ቤት ውሃ የሚቀዳው፣ እህል የሚፈጨው ባሪያ ነበር። ነገሥታቱ የባሪያን ንግድ የሚከለክል ዐዋጅ በየጊዜው ቢያስነግሩም ባሪያው ከቤት አልወጣም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን በዚያው ዓመት አንድ ሕግ ወጣ፤ ባርነት ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ዐዋጅ ነው። ከዛሬ ሽማግሌዎች አባቶች መካከል ይህን በዓይናቸው ያዩ ነበሩ ማለት ነው።

የእኛው የሸዋ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ይቀርባል። ከአንኮበር በታች፣ በአልዩ አምባ አጠገብ፣ ዓብዱል ረሱል በተባለው ስፍራ የባሪያ ገበያ ይቆም ነበር። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው፤ እሳቸው አያቶቻቸው ከዚሁ ከመንዝ የወጡ ናቸው፤ እኛም በዚህ እንኮራለን። በ1830ዎቹ ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጡት የእንግሊዝ መልእክተኞች ገበያውን አይተው ጽፈውታል። ከደቡብና ከምዕራብ አገር እየተነዱ የሚመጡት አብዛኞቹ ልጆችና ልጃገረዶች ነበሩ። ከዚያ ተገዝተው በአፋር በረሓ ወደ ታጁራ ወደብ፣ ከታጁራም በባሕር ወደ ዓረብ አገር ይሻገሩ ነበር። ልጆቹን የሚነዳው ነጋዴ የሩቅ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ገበያው የቆመው ግን በእኛ ምድር፣ በእኛ ንጉሥ ጥላ ሥር ነው።

አሁን የአገር ካርታ ዘርግታችሁ ተመልከቱ። ዛሬ አሻጋሪ የሚነዳቸው ልጆች ከደጋው ወርደው፣ አፋርን አቋርጠው ወደ ጅቡቲ ይገባሉ፤ ታጁራን አልፈው ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ። በረሓው ያው ነው፤ ባሕሩም ያው ነው። የጥንቱ ልጅ በሰንሰለት ታስሮ ሄደ፤ የዛሬው ልጅ ለነጂው የኪራይ ከፍሎ ይሄዳል።

ራቤልን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ አገሩ ደጋ ነው። ውርጭ አለ፤ ገብስና በግ አለ፤ ሴቶቹ የበግ ጠጕር ይፈትላሉ፤ ባና ይሠራል። መሬቱ በወንድማማች እየተከፈለ እየተከፈለ ለልጅ ልጅ የሚደርሰው ጥማድ በሬ ለማዞር የሚበቃ አይደለም። ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ በመሐል ሜዳ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደውን መኪና ማየት ይጀምራል። ይህ ነውር አይደለም፤ አገር ጠቦት ሰው ቢወጣ አይፈረድበትም።

በ2003 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ 15 ዓመቷ ነበር። አንዲት ሴት ወደ እህቴ ቤት መመላለስ ጀመረች። ይህች ሴት ባዕድ አልነበረችም። ከእህቴ ጋር አንድ ማኅበር የምትጠጣ፣ ልጅቱም «እትዬ» ብላ የምትጠራት ሰው ነበረች። «ለሌላ ሰው ቢሆን ይህን አላደርግም፤ ላንቺ ብዬ ነው» ትላለች። በኮንትራት ትሄዳለች፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ትገባለች፤ ልጅ ትይዛለች፤ ልብስ በመኪና ነው የሚታጠበው፤ ደመወዙም እዚህ አንድ መምህር ከሚያገኘው ይበልጣል። እህቴ ሰማች። አማቼ ወይፈን ሸጠ። እኔም ሁለት በግ ሸጥሁ፤ እንደ ትልቅ ነገር ቈጥሬው በየሰዉ ፊት «ልጃችንን ለቁም ነገር አበቃናት» እያልሁ እናገር ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ምናልባት አልጽፈውም ነበር። ልጅቱ መታወቂያ ለማውጣት ማመልከቻ አስፈለጋት፤ በቤቱ ውስጥ ጽሕፈት የማውቀው እኔ ነበርሁ። ሴትዮዋ «ጋሼ፣ ዕድሜዋን 21 ይበሉት፤ ያለዚያ አይቀበሏትም» አለችኝ። እኔ ልጅቱ የተወለደችበትን ቀን ዐውቃለሁ፤ በክርስትናዋ ዕለት ጠላ ቀድቻለሁ። «21» ብዬ ጻፍሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ጽሕፈቴም አምሮ ነበር። ወረቀቱን የተቀበለው ሰው ልጅቱን ቀና ብሎ አላያትም፤ አንድ ማኅተም መታበትና ስድስት ዓመት በአንድ ቀን አደገች።

እንግዲህ በጦቢያ መጽሐፍ ውስጥ የሌለው ሰው ይህ ነው። ባለማኅበሯ ሴት የለችም፤ ወይፈን የሸጠው አባት የለም፤ ማመልከቻ የጻፈው አጎት የለም። ለዋሕድ የሚያለቅስ ዘመድ አለ፤ ዋሕድን የሸኘ ዘመድ ግን የሚጠየቅበት ገጽ የለም። መጽሐፉን ሳነብ በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር፤ የደስታዬን ምክንያት ቆይቼ ስመረምረው በውስጡ ራሴን ስላላገኘሁ መሆኑን ዐወቅሁ።

ሕግ ከልብ ወለድ ይልቅ ወደ ውስጥ የተመለከተበት ጊዜ አለ። የተባበሩት መንግሥታት በ1993 ዓ.ም. ያጸደቁት፣ ኢትዮጵያም በኋላ የተቀበለችው በሰው ስለ መነገድ የተጻፈው ስምምነት ነጋዴውን ሲተረጕም፣ በሌላው ሰው ላይ ሥልጣን ያለውን ሰው ፈቃድ ለማግኘት ገንዘብ ወይም ጥቅም መስጠትንና መቀበልን ይጨምራል። በልጅ ላይ ሥልጣን ያለው ማን ነው? አባት ነው፤ እናት ናት፤ አጎት ነው። ደግሞም ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ጉልበቱን ለመበዝበዝ ብሎ መመልመልና መውሰድ፣ ማታለልም ሆነ ማስገደድ ባይኖርበት እንኳ በሰው መነገድ ነው ይላል። የእኛም አገር ዐዋጅ፣ በመጀመሪያ ቁጥር 909/2007፣ በኋላም እሱን የተካው ቁጥር 1178/2012፣ ይህን ወንጀል በጽኑ ይቀጣል። እኔ «21» ብዬ የጻፍሁት ቁጥር ልጅቱን ከዚህ ዓይነት ጥበቃ ሁሉ አስቀድሞ ያወጣት ቁጥር ነው። አሁን ይህን የምታነቡ ወጣቶች በየቤታችሁ ጽሕፈት ዐዋቂዎቹ እናንተ ናችሁ፤ ማመልከቻ ጻፉልን የሚሉ ሰዎች ነገ ወደ እናንተ ይመጣሉ።

ደራሲውን የምነቅፍበት ሌላም ነገር አለ፤ ይህ ግን ነቀፌታ ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም አለበት። በመጽሐፉ ውስጥ መዳን የሚመጣው ከአንድ ባለጸጋ ሰው ቸርነት ነው። ቸርነቱ ያምራል፤ እጅግ ስለሚያምርም አንባቢ ሒሳቡን ለመጠየቅ ያፍራል። ደላላ የሚገባው በዚህ በር ነው። ደላላ በገንዘብ ቋንቋ አይናገርም፤ በውለታ ቋንቋ ይናገራል። ከአዲስ አበባ የመጣች ዘመድ «ልጅቱን ስጡኝ፣ አስተምራታለሁ» ብላ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ስትወስድ ማነው «ስንት ሰዓት ትሠራለች? የት ትተኛለች? በየትኛው ትምህርት ቤት ትገባለች?» ብሎ የሚጠይቅ? ይህን የጠየቀ ሰው ውለታ ቢስ ይባላል። ሕፃኗም ሳህን ስታጥብ፣ ሌላ ልጅ ስታዝል ታድጋለች፤ በበዓል ቀን ያረጀ ቀሚስ ይላክልናል፤ እኛም ቀሚሱን ለጎረቤት እናሳያለን።

የማስለቀቂያ ገንዘብንም ነገር እንመልከት። በመጽሐፉ የተማረከው አባት ነው። ዛሬ የሚማረከው ልጅ ነው። በየመን ጠረፍ፣ ከጀልባ የወረዱትን ስደተኞች እያፈኑ በግቢ የሚያጉሩ ሰዎች አሉ። ልጁን እየደበደቡ ወደ አገሩ ስልክ ይደውላሉ፤ ጩኸቱን ለእናቱ ያሰማሉ። እናት በሬ ትሸጣለች፤ ዘመድ ያዋጣል፤ በሬ የሌለው በአራጣ ይበደራል። ቸሩ ነጋዴ አይመጣም። ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ግን ሁልጊዜ በየመን አይደለም፤ እዚሁ አገራችን ተቀምጦ፣ በአማርኛ ወይም በሌላው ቋንቋችን እየተናገረ፣ ደረሰኝ ሳይሰጥ ይቀበላል።

የታሪኩ መጨረሻም እንዲሁ ያሳስበኛል። ዋሕድ ከቤት ከወጣ በኋላ ትረካው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ከፈላጊዎቹ ጋር ነው፤ ከንጉሡ ሰፈርና ከፍቅሩ ጨዋታ ጋር ነው። በተሸጠው ሰው ቤት ውስጥ ብዙ አንቀመጥም። እኔ ግን ማንበብ የምፈልገው ያን ቤት ነበር። የገዛው ሰው በስንት ሰዓት ይቀሰቅሰው ነበር? ምን ያበላው ነበር? በዓረብ አገር «ከፋላ» በሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ነው፤ አሠሪው ሳይፈቅድ ቤቱን ትታ ብትወጣ ሕግ አፍራሽ እሷ ትሆናለች። ፓስፖርቷን ይወስዱባታል። ለወኪሉ ገንዘብ ከፍሎ ስላመጣት የገዛት ይመስለዋል። በ2004 ዓ.ም. በቤይሩት ከተማ፣ ከኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ፣ አንዲት ወጣት እናት እየጮኸች በግድ ወደ መኪና ስትጐተት የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ብዙ ሰው አይቶታል፤ በሳምንታት ውስጥ በሐኪም ቤት ሳለች ሕይወቷ አለፈ። ያን ሥዕል ያየ ሰው ስለ አንድ ደጅ ዐወቀ፤ ከደጁ በስተ ኋላ ያሉትን ዓመታት ግን ማንም አላነሣቸውም።

ደግሞ ስለ ሠርጉ። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለቤት ሥራ ወደ ውጭ አገር መሄድን አገደ፤ እገዳውም በ2010 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ ብዙዎች በበረሓው ሄዱ። እገዳው በወጣ በሳምንታት ውስጥ ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማስወጣት ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከእነዚያ መካከል የእህቴ ልጅ ነበረች። ከገባችበት ቤት ጠፍታ በሌላ ስፍራ ያለ ወረቀት ትሠራ ነበርና ተይዛ ተላከች። በራቤል ሠርግ አልጠበቃትም። ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ አንድ ፌስታል ይዛ ገባች። የጎረቤት ሰዎች ቡና ሊጠጡ መጥተው ዓይናቸው ፌስታሉ ላይ ነበር። አንዱ ሽማግሌ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ «እንደው ሦስት ዓመት ሙሉ ባዶ እጅሽን?» አላት። እኔም ከአጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ዝም አልሁ፤ በልቤ ደግሞ ሁለቱን በጎቼን አስቤያቸው ነበር።

ይህን ሁሉ የምለው ጦቢያን አታንብቡ ለማለት አይደለም። አንብቡት፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ያልደፈሩትን ደፍሯል። ወንድም ሲጠፋ ቤተ ሰብ ሁሉ ተነሥቶ እስከ ሰው አገር ይፈልገዋል። እኛ ልጆቻችን ሲጠፉ የምንፈልገው የሚልኩትን ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ ሲቋረጥ ነው «ምን ሆነች?» የምንለው። በዚህ በኩል የጦቢያ አባት ከእኛ ይበልጣል።

ባለፈው ክረምት መጽሐፉን ለእህቴ ልጅ አዋስኋት። አሁን የ30 ዓመት ሴት ናት፤ በራቤል ትንሽ ሻይ ቤት አላት። ከአንድ ወር በኋላ መለሰችልኝ።

«ጋሼ፣ በዚያ በገዙት ሰዎች ቤት ዋሕድን ማን ብለው ነበር የሚጠሩት?» አለችኝ።

«ዋሕድ ነዋ፤ መጽሐፉ በየገጹ ዋሕድ ይለዋል» አልኋት።

«እሱማ ደራሲው ነው። ውሃ ሲያስቀዱት ማለቴ ነው።»

አላውቅም አልኋት። እሷም ብርጭቆ እያጠበች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ ሳዑዲ በገባች በመጀመሪያው ቀን የቤቱ እመቤት «ስምሽ ይከብደናል» ብላ ያወጣችላትን ስም ነገረችኝ፤ እንዳልጽፈውም ለመነችኝ።